እግሯስ አላበጠም

ለልጄ ለብዙወርቅ፣ የሞያሌው ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ገበያሽ ይቅና። እኛ አንቺን ከመናፈቃችን በቀር ደህና ነን።

ለሰው እንዳታወሪ እንጂ፣ ትናንት ነገሌን ሙሉ አስቄአለሁ። በአንድ እግሬ የራሴን፣ በሌላው የጎረቤታችንን የሁዳን ጫማ አድርጌ ሆስፒታል ገባሁ! ሁዳ ከኋላዬ እየሮጠች፣ «እማማ፣ ኧረ ጫማዬን!» ትለኛለች። መንገደኛው ሁሉ በኦሮምኛ «ናጋ?»፣ ሰላም ነው ወይ፣ ሲለኝ እኔም «ናጋ» እያልኩ አለፍኩ።

ያስሮጠችን ልጅሽ ረሆቦት ናት። ስትናፍቂያት ጫማሽን አድርጋ ቤት ውስጥ ትንጎራደዳለች፤ ለካ ውስጡ ጊንጥ ኖሯል፣ ነደፋት። እግሯን ባገላብጥ እብጠት የሚባል የለም፤ ወተት አጠጥቼ አስተኛኋት። ቆይቶ ግን ላቧ አንሶላውን አራሰው፣ ለሃጯ አልቆም አለ፣ ዓይኗ መርጋት አቃተው፤ እጇ ደግሞ ቀዘቀዘ።

ሐኪሙ፣ «እማማ፣ የጊንጥ መርዝ ላያሳብጥ ይችላል፤ ነርቩን አስቆጥቶ ልብንና ሳንባን ነው የሚያስጨንቀው» አለኝ። እንዳንቺ ጠንካራ ናት አልኩት። እሱ ግን እግሯን ዞር ብሎም አያይም፤ ደረቷን ብቻ እየደጋገመ ያዳምጣል። ሳልም ጀምሯታል፣ አረፋ ያለው።

እግሯስ እስካሁን አላበጠም፤ አይዞሽ። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽውን ትተሽ፣ ይህን ደብዳቤ ከሚያደርስልሽ ከሹፌሩ ከዩኑስ ጋር አሁኑኑ ብትመለሺ ምን አለበት? ጋቢና ውስጥ ቦታ ይዞልሻል። ጫማሽን አራግፌ አስቀምጬልሻለሁ። እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቅሻለሁ፤ እስክትደርሺ የሚሆነውን ሁሉ በአፌ እነግርሻለሁ።

እናትሽ ወርቅውሃ