የዶሪን ትራስ

ሉክሬችያ፣

ባቡሩ እንዳያመልጠኝ ሳልቀሰቅስሽ ወጣሁ። ከተዝካሩ የተረፈው ሳርማሌ፣ የጎመን ጥቅልሉ፣ ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ፣ በባዶ ሆድ አትዋዪ።

ለወንድሜ ለዶሪን ነፍስ ብለሽ ለጎረቤታችን ለቬታ ልትሰጫት የገዛሻቸው ዶቃ የተጠለፈባቸው ትራሶች ሶፋው ላይ ናቸው። አልሰጠኋትም። እንደሚባለው በሟች ስም እዚህ የሰጠነው በወዲያኛው ዓለም እሱ እጅ የሚገባ ከሆነ፣ ዶሪን እስከ ዕለተ ምጽአት ዶቃ ላይ ይተኛ? ሱቅ ውስጥም ነግሬሽ ነበር። "ያምራሉ እኮ!" አልሽኝ። አዎ፣ ያምራሉ። ከመጋረጃውም ጋር ይሄዳሉ። ሳሎኑ አንቺ እንደምትፈልገው ሆኗል፤ እኔ ግን ሶፋው ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

በሻጩ ፊት "ቤቱን የምታሳምሪው ሌላ ልታገቢ ነው እንዴ?" ያልኩሽ ነገር…

ሻይ ቅጠል አልቋል። ስትወጪ ግዢ።

ለቬታ የሰጠኋት አሮጌውን ትራስ ነው፤ ዶሪን ኳስ እያየ ተጋድሞ ያንኮራፋበት የነበረውን። አልጋሽ ሥር እንደደበቅሽው አውቃለሁ። ትናንት መቃብር ስትሄጂ አወጣሁት። እንደ ደንቡ ሻማ ለኩሼ ሰጠኋት፤ "ነፍሱን ይማር" ብላ ተቀበለችኝ። አላለቀስኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እንዳትጮሂብኝ። የሚተኛበት ነገር ያስፈልገዋል።

የትራሱን ልብስ ግን አውልቄ አስቀረሁት፤ ለቬታ ሌላ ንጹሕ አልብሼ ነው የሰጠኋት። ያወለቅኩት መሳቢያሽ ውስጥ ነው። የፀጉሩ ቅባት እንዳለ አለበት።

እንዳታጥቢው።

ሳንዳ