የሚሊሜትር የመጨረሻ ልኬት

ዛሬ ማክሰኞ፣ የካቲት አሥራ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በገዛ ቤቴ ሳሎን በገዛ ወንበሬ ተቀምጬ ይህን የኑዛዜ ቃል አስጽፋለሁ። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን ደህና ነው። ለዚህም ማስረጃ አለኝ። ሐኪሙ ትናንት ዕለቱን፣ የልጆቼን ቁጥርና ሰባት በስምንት ሲባዛ ስንት እንደሚሆን ጠይቆኝ ሦስቱንም ሳላመነታ መልሻለሁ። እኔ በተራዬ ስንት ጊዜ እንደቀረኝ ብጠይቀው ግን «እንግዲህ...» ብሎ እስክሪብቶውን ማገላበጥ ያዘ። ከሁለታችን የማን አእምሮ እንደሚሠራ ምስክሮች ይፍረዱ።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት በፋብሪካ የቶርኖ ማሽን ላይ የቆምኩ ጡረተኛ ነኝ። ብረት ስቆርጥ ፀጉር የምታህል ስህተት አይገኝብኝም ነበርና የሥራ ባልደረቦቼ «ሚሊሜትር» ብለው ሰየሙኝ። ስሙን እስከ ዛሬ በኩራት ተሸክሜዋለሁ፤ የዛሬው ጣጣም ከዚሁ ኩራት የመጣ ነው።

በፊቴ የተቀመጡት ምስክሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በያጁ ነው፤ ከብረት በቀር ምንም ነገር አያጣብቅም፣ የገባውን ቃልም ጭምር። ሁለተኛው የሰፈራችን ጎሚስታ ሲሆን ሦስተኛዋ መድኃኒቴን መዋጤን ከእኔ በላይ የምትከታተለው ጎረቤታችን ፋርማሲስቷ ናት። ጸሐፊው ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ሰው ነው። ይኸው ገና ከመጀመሬ «ስለ በያጁ ያሉት በኑዛዜ አይጻፍም» ብሎኛል። ይጻፍ ብያለሁ። ባለቤቴ፣ ወንዱ ልጄና ሴቷ ልጄ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል፤ እነርሱ ወራሾች እንጂ ምስክሮች አይደሉም።

በመጀመሪያ፣ ቤቱን ለባለቤቴ ትቻለሁ። ሠላሳ ዓመት የፋብሪካውን ሰርቪስ አውቶቡስ ስትነዳ ያገኘችው ደመወዝ ያልገባበት ግድግዳ ስለሌለ፣ የምሰጣት የራሷን ነው። እንዲህ ያለውን ልግስና ማንም ሰው ሳይቸገር ሊፈጽመው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ስለ ወንዱ ልጄ። ይህ ልጅ ባለፈው እሑድ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ብርቱካን ይዞ አልመጣም፤ አሮጌ ብረት የሚገዛ ቁራሌ ነው ይዞ የመጣው። ሰውየውም እኔ በመስኮት እያየሁት መኪናዬን በጣቱ አንኳኩቶ በኪሎ ገመታት። ስለዚህ ለልጄ የተሰበረውን ባሌስትራ፣ የተቃጠለውን ዲናሞና የተላጡትን አራት ጎማዎች አውርሼዋለሁ፤ ሁሉም ከጓሮ ተከምረው ይገኛሉ። እሱና ወዳጁ በሰላም ይካፈሏቸው።

«አባባ፣ ዋጋ ለመጠየቅ ያህል ነበር እኮ!»

ይህም ተጽፏል።

ሦስተኛ፣ የመሣሪያ ሣጥኔ ከነካሊፐሩና ከነመፍቻዎቹ ለሴቷ ልጄ ይሰጥ። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ተጠቅሞ፣ ጠርጎ፣ በአሥራ ሦስት ቁጥር ቦታ የሚመልስ ሰው በዚህ ቤት ከእሷ ሌላ አላየሁም። ይህን ፊቷን እያየሁ ነግሬያት አላውቅም፤ አሁንም ወደ ጸሐፊው እያየሁ ነው የምናገረው። ምክሬ አንድ ብቻ ነው፤ ለአጎትሽ ምንም ነገር እንዳታውሺ። ትራፓኖዬን ለሁለት ቀን ብሎ ወስዶ በሁለተኛ ዓመቱ ያለ መብሻው መልሶልኛል።

በያጁ «ጋሼ፣ መብሻው እኮ ተሰብሮ ነው» ብሏል። የኔም ልብ እንዲሁ ነው፤ እኔ ግን ከነስብራቱ ይዤው መጥቻለሁ።

አራተኛ፣ ስለ መኪናዋ። እዚህ ላይ ውኃ ልጠጣ።

መኪናዋ በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት አሮጌ የመስክ መኪና ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ሲያስወግዳት ገዛኋት። ያን ጊዜ ወለሏ በዝገት ተበልቶ ሹፌሩ ከፈለገ እግሩን አስፋልት ላይ ማሳረፍ ይችል ነበር። ባለቤቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎች የሚሄዱበት ነው የነዳሁት። አንድ ጊዜ እኔ ደስ ያለኝ ቦታ ልንዳ። ሦስት ሌሊት በድንኳን እንደር፤ 'ወራጅ አለ' የሚል ድምፅ የማይሰማበት ይሁን» አለችኝ። እኔም «ሦስት ወር ስጪኝ» አልኳት።

ስምንት ዓመት ፈጀብኝ። ሞተሯን ፈትቼ ገጠምኩ፤ አልረካሁምና ደግሜ ፈታሁት። ፍሪሲዮኗን ቀየርኩ፣ ወለሏን በላሜራ አደስኩ። ባሌስትራዋን ከፍ አደረግሁ። ከኋላ በሯ የሚታጠፍ የምግብ ማብሰያ ጠረጴዛ፣ ከወንበሩ ሥር የሚሳብ መሳቢያ፣ ከጎኗ ቧንቧ ያለው የውኃ ታንከር ሠራሁ። ባለቤቴ መኪናዋን «ጣውንቴ» ማለት የጀመረችው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ በአምስተኛው ዓመት ግን ሰላምታ ትሰጣት ጀመር። በመጨረሻ የቀረው ጣሪያዋ ላይ የሚቀመጠው ድንኳንና እሱን የሚሸከመው ፖርቶመጋላ ብቻ ነበር።

ከዚህ በታች ያለውን እስከ ዛሬ ማንም አልሰማውም።

የፖርቶመጋላውን ቁመት በግቢያችን በር ልክ የወሰንኩት ራሴ ነኝ። ሜትሬን ዘርግቼ ለካሁ፤ ሁለተኛ ለካሁ፤ ሦስተኛም ለካሁ። ሦስቱም አንድ ሆነው ተገኙ። አንድ የሚሆኑትም መኪናዋ ሦስቱንም ጊዜ ጎማዋ ወልቆ በጉቶ ላይ ተቀምጣ ስለነበር ነው። በያጁ «በብሎን ይታሰር ጋሼ፣ ምናልባት ማውረድ ቢያስፈልግ» አለኝ። እኔም «ብየደው! እኔ ሊወርድ የሚሠራ ነገር አልሠራም» አልኩት። ደህና አድርጎ በየደው። በሕይወቱ አንድ ሥራ ሳያጓድል የሠራው ያን ቀን ነው። ከዚያ ጎሚስታው መጥቶ ትልልቆቹን ጎማዎች ገጠመ፤ መኪናዋም ከበሩ አናት ላይ ካለው አርማታ በአራት ጣት በለጠች።

ሚሊሜትር የተባለው ሰው በአራት ጣት ሳተ።

ጎሚስታው አፉን ሊከፍት ነው፤ ዝም በል። ባለቤቴ ገበያ ስትሄድ ጎማዎቹን አስተንፍሼ ሞክሬዋለሁ። ሦስት ጣት ወረደች፣ አራተኛዋ እንቢ አለች። ፖርቶመጋላውን ለማስቆረጥ በያጁን መጥራት ነበረብኝ፤ እሱም እስኪሞት ይስቅብኝ ነበር። አርማታውን ለማፍረስ ደግሞ ምክንያቱን ለሰፈሩ ሁሉ መንገር ነበረብኝ፤ አርማታውንም ያፈሰስኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ክብሬን የሚጠብቅ ሦስተኛ መንገድ መረጥኩ። ዋሸሁ።

«ቀበቶው እስኪመጣ» አልኩ። «የራዲያተሩ ክዳን ያፈሳል» አልኩ። «ይህ ዘይት ለሩቅ መንገድ አይሆንም» አልኩ። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ሻንጣ አዘጋጅታለች፤ ሦስቱንም ጊዜ መልሳ ፈታለች። በሦስተኛው ጊዜ ብርድ ልብሱን እያጠፈች «ከእኔ ጋር ለብቻህ መሆን ስለማትፈልግ ነው አይደል? ንገረኝና ልረፍ» አለችኝ። እኔ ኮፈኖውን ከፍቼ አንገቴን ውስጥ ቀበርኩ። ጤነኛውን የሞተር ሻማ ፈትቼ አጸዳሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዞ አንስታ አታውቅም።

ስለዚህ መኪናዋን ለባለቤቴ አውርሻለሁ። እኔ ከዚህ ግቢ በወጣሁ ማግስት አርማታው ፈርሶ መኪናዋ ትውጣ። እኔን በሩ አያስቸግረኝም፤ የእኔን ሣጥን የሚለካው አናጢ ነው።

እዚህ ላይ ባለቤቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታለች። ጸሐፊው የተባለውን ሁሉ እንዲጽፍ አዝዣለሁ።

«አራት ጣት?»

«አራት ጣት።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ጠልቶኛል ብዬ ከጎንህ እየተኛሁ... በአራት ጣት?»

«አንቺን ጠልቼ አይደለም። አንቺ ፊት መሳሳት ፈርቼ ነው» አልኳት። «ከአንቺ ጋር ከመሄድ የበለጠ የምፈልገው ነገር አልነበረም። አሁንም የለም።»

ፋርማሲስቷ ተነሥታ እጄን ይዛ የልብ ትርታዬን ቆጠረች። በያጁ አልሳቀም። ሦስት ዓመት የፈራሁት ሳቅ የት እንደገባ አላውቅም፤ ሰውየው መሬት መሬት ያያል።

ባለቤቴ ወደ ጸሐፊው ዞረች። «ይሰረዝ።»

«ምኑ ይሰረዝ?»

«አራተኛው። በውርስ አልቀበላትም። እኔ መኪናዋን የምፈልጋት ከነመካኒኳ ነው።» ከዚያ ወንድሟን «መዶሻህን አምጣ፤ ትልቁን» አለችው።

ጸሐፊው ተናዛዥ እንጂ ወራሽ ቃል እንደማያሰርዝ አስረዳ። እኔም አሰረዝኩ። ስለ ጉዞው ሐኪሙ ዘንድ ተደውሎ፣ ብዙ ካቅማማ በኋላ ከሦስት ሌሊት እንዳይበልጥ፣ መሪም እንዳልይዝ ብሏል። መሪው በደህና እጅ ነው። ፋርማሲስቷ መድኃኒቴን በሰዓት በሰዓቱ ለይታ ለባለቤቴ ሰጥታለች፤ እኔ አልታመንም።

አርማታው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወድቋል። ጥሩ አፈሳስ ስለነበር ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቷል፤ ይህም ይመዝገብልኝ። ወንዱ ልጄ ስለ አርማታው ብረት ለቁራሌው እንዳይደውል ታዟል።

ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የተነገረው የጸና ነው። አራተኛው ተሰርዟል። ወረቀቱ ፋርማሲስቷ ዘንድ ይቀመጥ።

ምስክሮች፦

በያጁ፤ ፈርሜአለሁ። ትራፓኖውን በተመለከተ የተነገረውን አልቀበልም።

ጎሚስታው፤ ፈርሜአለሁ። የጎማዎቹ ንፋስ ልክ ነው።

ፋርማሲስቷ፤ ፈርሜአለሁ።

ቃሉን የጻፍኩ፣ ጡረታ የወጣሁ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፤ በአርባ ዓመት ሥራዬ ተናዛዡ ሻንጣ ይዞ ሲፈርም የመጀመሪያዬ ነው።

የተናዛዡ ፊርማ፦ ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው። ከመስመሩ የወጣው እጄ ደክሞ አይደለም፤ በመኪናዋ ውስጥ ሆኜ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለፈረምኩ፣ ሞተሩም ስለተነሣ ነው። ባለቤቴ ማርሽ አስገብታ «ጨርሰሃል?» ትለኛለች።

አልጨረስኩም።