የጁምዓ ክንድ

ይድረስ ለውዷ የእህቴ ልጅ፣ ባሶ።

አሰላሙ ዐለይኪ። ጤናሽ እንዴት ነው? እናትሽስ? ያቺ ተራጋጭ ላሜስ? እኔ አልሐምዱ ሊላህ፤ ልጅ ሳለሽ በድንጋይ ካወለቅሽው የፊት ጥርሴ በቀር ምንም አልጎደለኝም።

መቼ እንደምመጣና መቼ እንደማገባ ጠይቀሻል። ደብዳቤ የሚያነብልሽ ጎረቤታችን ወሬ ስለሚወድ፣ የእኔን ነገር ትተን የአንድ ወዳጄን ላጫውትሽ።

አሶሳ ለደጋ ሰው ፈተና ናት። ከእናንተ ዘንድ ያመጣሁት አሞሌ ጨው በዝናቡ ሟሙቶ ስልቻው ብቻ ቀረኝ። ጨርቅ መግዛት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የሚለካው በክንድ ስለሆነ ገዢ ሁሉ ክንደ ረጅም ሰው ይዞ ይሄዳል። እኛ የምንይዘው ጁምዓን ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጉልበቱን የሚያክ ሰው!

ታዲያ ወዳጄ ኢቲዳል የምትባል ልጅ ወደደ። አባቷ ዐብዱልቃድር፣ ረመዳን ሳይገባ ዐሥር ክንድ አቡጀዲ፣ ያውም በጁምዓ ክንድ ተለክቶ ካልመጣ ለሌላ እድራታለሁ ብሎ ቆረጠ። የወዳጄ ሀብት እንደ አገሩ ልማድ በባዶ የላባ ዘንግ ውስጥ ያጠራቀማት የወርቅ አሸዋ ናት፤ ለዐሥር ክንድ ብቻ ትበቃለች።

በዚሁ ሳምንት ነጋሪት ተጎሰመ። አዲሱ የገበያ ሹም፣ ከእንግዲህ ጨርቅ የሚለካው በእኔ ክንድ ልክ በተቆረጠው ዱላ ነው ብለው ዐወጁ። እሳቸው ደግሞ፣ አላህ ይማረኝ፣ ከማጠራቸው የተነሣ በቅሎ ላይ የሚወጡት በሰው ትከሻ ነው። ጨርቅ ሻጩ ማህጁብ፣ ዋጋው ሳይቀንስ ክንዱ ስላጠረለት፣ ወላሂ ደግ መንግሥት መጣ እያለ ፈነደቀ። ጁምዓንም፣ አንተ ና፣ ክንድህን ግን ቤት ተወው ብሎ አፌዘበት።

እኔ ዝም እላለሁ? ሹሙ ዘንድ ሄጄ፣ ጌታዬ፣ በዚህ ሙቀት ያ ወፍራም ኩታ ሊገድልዎ ነው፣ እንደ አገሩ ሰው ጀለቢያ ያሰፉ አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ገበያ ወጡ። ልብስ ሰፊው በለመደው ክንድ አስቦ ስምንት ይበቃል አለ። ማህጁብ ዱላውን ሲያነሳ ሹሙ በጆሮው፣ ያን ረጅም ሰውዬ ጥራልኝ አሉት። እኔም ገበያው እንዲሰማ፣ ጌታዬ፣ አዋጁስ? ብዬ ጮህኩ። ምን ያድርጉ! በዱላው ተለካላቸው። ጀለቢያው ሆዳቸውን ሲዞር አልቆ ጉልበታቸው ላይ ቀረ።

በሚቀጥለው ገበያ ነጋሪቱ እንደገና ተመታ፤ እንደ ቀድሞው ልማድ ይለካ ተባለ! ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ጁምዓ ለካ፣ እኔ ቆጠርኩ፤ ዐሥረኛው ላይ ድምፄ ለምን እንደተንቀጠቀጠ እንጃ።

ዐብዱልቃድር ጨርቁን ሦስት ጊዜ አገላብጦ፣ ይኸስ ሞልቷል፣ የሰውየው ጥርስ ግን ጎድሏል አለ። ኢቲዳልም የድንጋዩን ነገር ሰምታ፣ የወረወረችው እጅ ትባረክ፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆን ሌላ ሴት ቀድማ ትወስደው ነበር ብላለች።

ቤቴን አንቺ ግቢበት፤ ክረምቱ ሳይጠና ጣራውን አስከድኚው። ላሟም ያንቺ ናት፤ እርግጫዋም ጭምር።

አላህ ዕድሜሽን በጁምዓ ክንድ ይለካልሽ።

አጎትሽ