እማዬን የጠበባት ጫማ

የጌታ ሰላም ማንኩሽ ድረስ ይብዛልህ፣ ወንድሜ ዱሬሳ። ስደውል ስልክህ አልጠራ ስላለኝ ይህን በሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ደህና ነን፣ አታስብ። እኔም አሶሳ የነርሲንግ ልምምድ ጀምሬያለሁ።

የላክኸው ጫማ እማዬን ጠበባት። የባምባሲ ጎረቤቶች «ልጇ ግድቡ ላይ ሥራ ከያዘ ወዲህ ወፈረች!» ሲሏት ደስ ይላታል። እኔ ግን ኮሌጅ እንዳስተማሩን እግሯን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩት፤ የጣቴ ጉድጓድ ቶሎ አልሞላም። የምለማመድበት ሆስፒታል ወስጄ አሳየኋት። ሐኪሙ እሷን ውጭ አስቀምጦ፣ «ሲስተር፣ የምትወደውን ስጧት» አለኝ። መድኃኒት አልጻፈም። ማር ገዛሁላት፤ አልቀመሰችውም። «ታዲያ ምን ላምጣልሽ?» ስላት ስምህን ጠራችልኝ።

ሌላ ጫማ አትላክ። ጌታ መንገድህን ያቅናልህ።

እህትህ ቀነኒ