የአባትህ ጉራ

ልጄ፣ እግዜር ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ በሰው አገር መውደድን ይስጥህ። እኛ ደህና ነን፣ አባትህ በነገር ካልገደለኝ።

የማስታወቂያ ሰሌዳ መጻፉን ትቶ ቤት ከዋለ ወዲህ ጉራው አናቴ ላይ ወጥቷል። "የዚህ ከተማ ሰሌዳ ሁሉ የእጄ ሥራ ነው" ይላል። "ኧረ ይብቃህ!" ስለው ያኮርፋል፤ እህል አይቀምስም። ሲብስበት የሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። እሷ ደግሞ ይባስ ብላ "ከዚያስ?" እያለች ታስወራዋለች! አንድ ቀን እያወራ ሰዓቷን ብታይ፣ በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ። በስንት ልመና መለስኩት።

"ሲያጫውቱኝ ዓይኔን ከእርስዎ አነሳሁ፤ ቢከፋዎት እውነትዎን ነው" አለችው።

በእናቱ ቀብር ያላለቀሰ ሰው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። "አባቴ አንድ ቀን እንኳ ሥራዬን ቀና ብሎ አላየም" አለ። ይህንን ለእኔ በአርባ ዓመት ትንፍሽ ብሎ አያውቅም!

ስንወጣ "እማማ፣ ጉራው የጥጋብ ሳይሆን የረሃብ ነው" አለችኝ። እኔም አንጀቴ እያረረ "ከዚያስ?" ማለት ጀመርኩ። ትናንት ምሳውን ጨርሶ በላ።

እባክህ ስትደውል፣ ስለ ደም ግፊት መድኃኒቱ ከመጨቅጨቅህ በፊት ስለ ሰሌዳዎቹ ጠይቀው። ጊዜ ከተረፈህ የእኔንም ውሎ ጠይቀኝ። ያሰብከው ይሙላልህ፤ ሰሚ አያሳጣህ።

እናትህ