የእኔም የአንቺም ክኒን

ጭሮ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እንቅልፉስ እንዴት ነው? ልጆቹስ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ሌላውን ከዚህ በታች ታገኚዋለሽ። በቅደም ተከተል ካላስቀመጥኩት እንደማልጨርሰው ስለማውቅ ከቀኖቹ ልጀምር።

ጥቅምት 2015፦ በስብሰባ ላይ የመስኖ ሪፖርት ሳቀርብ ልቤ ደረቴን ሊሰብረው ደረሰ፤ እጄ ደነዘዘ፤ የምሞት መሰለኝ። በልብ ምርመራው ምንም አልተገኘም።

ኅዳር 2015፦ ዶክተር ሞሚና ሕመሙ ጭንቀት መሆኑን ነግራኝ ዲያዜፓም ለአጭር ጊዜ አዘዘችልኝ።

ሚያዝያ 2016፦ አሚትሪፕቲሊን።

ነሐሴ 2016፦ ፍሉኦክስቲን። እስከ ዛሬ እወስደዋለሁ።

ጥር 11 ቀን 2017፦ የጥምቀት ዕለት፣ ሂርና፣ አንቺ ቤት።

የመጨረሻውን ቀን ታውቂዋለሽ። የማታውቂው፣ አንቺ ለጭንቀትሽ የምትውጪው ያው ፍሉኦክስቲን ያን ዕለት በእኔም ኮት ኪስ ውስጥ እንደነበረ ነው።

ባለቤትሽ ታምራት፣ ይህን አዲሱን ክኒን ከጀመርሽ ወዲህ እንደባሰብሽ፣ እጅሽ እንደሚንቀጠቀጥ ተናገረ። መድኃኒቱን ትተሽ አሰቦት ጸበል እንድትገቢም ሐሳብ አቀረበ። አክስታችን ወይንሸት “ሆድ ውስጥ የገባ ክኒን እስከ ራስ ድረስ መንገዱን ማን ያሳየዋል?” ብለው ቤቱን አሳቁት። እማዬ ግን አልሳቀችም፤ “የእብድ መድኃኒት በእኔ ልጅ ቤት!” ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ከዚያ አክስታችን ወደ እኔ ዞረው “አንተ ቀለም የቆጠርከው፣ ፍረድ እንጂ!” አሉኝ።

እኔም “ጉዳዩ ጥናት ይፈልጋል” አልኩ።

ይህን ዓረፍተ ነገር መሥሪያ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠቀምኩበት አላውቅም፤ በእህቴ ላይ እጠቀምበታለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። አንቺ ደግሞ “ተዉት፣ እሱ ስለዚህ ምን ያውቃል” ብለሽ አዳንሽኝ። ያሳፈረኝ ከሁሉ በላይ ይኸው ነው። በማግስቱ ደውለሽ ያንን ክኒን የወሰደ ሰው አውቅ እንደሆነ ስትጠይቂኝ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንደወሰደው ነገርኩሽ። ያ ባልደረባ እኔ ነኝ።

እንግዲህ የባልደረባዬን ሳይሆን የራሴን ልንገርሽ። ሐኪም አይደለሁም፤ በእኔ አካል የሆነውን ብቻ ነው የማውቀው።

ዲያዜፓም ፈጥኖ ያረጋጋል። ጭንቀቱን ግን ከሚቀጥለው ክፍል ያስቀምጠዋል እንጂ ከቤት አያስወጣውም። ጠዋት ጠዋት ጭንቅላቴ በረጠበ ጥጥ የተሞላ ይመስለኝ ነበር። እየቆየሁም ከታዘዘልኝ ጊዜ በላይ እፈልገው ጀመር፤ ሐኪሟ ቀስ በቀስ ባታስተወኝ ኖሮ የት እንደምደርስ አላውቅም። አሚትሪፕቲሊን አስተኝቶኛል፤ ነገር ግን አፌ እየደረቀ በስብሰባ ላይ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቅ ነበር። አንቺም ኅዳር ላይ ወስደሽው፣ ውኃ ጠጥተሽ እንደማትረኪ ስትነግሪኝ፣ ምን ማለትሽ እንደሆነ ጠንቅቄ እያወቅኩ “አየሩ ነው” አልኩሽ።

ፍሉኦክስቲን ደግሞ ከማዳኑ በፊት አስከፋኝ። በሁለተኛው ሳምንት ልክ አንቺ አሁን እንዳለሽው ነበርኩ፤ ማቅለሽለሽ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከራስ ጥላ መደንገጥ። ልጥለው ቆርጬ ነበር። ዶክተር ሞሚና አስታገሠችኝ፤ ከወር በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ መሸሻ በር ሳልፈልግ ገበያውን አቋርጬ ማለፌን ያወቅኩት ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው። በአንቺም ላይ እንዲሁ ይሆናል ብዬ አልምልም። ነገር ግን አሁን ያለሽው እኔ ልጥለው በቆረጥኩበት ቦታ ላይ ነው።

አንድ ነገር አለ፤ እሱ ካልተነገረ ንጽጽሬ ሁሉ የተበላሸ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ከሰዓት በኋላ ጫት እቅም ነበር። እነሱ ምርቃናቸውን በመጠጥ ሊሰብሩ፣ ለጨብሲ፣ ወደ ቢራ ቤት ሲሄዱ፣ እኔ የእኔን በዲያዜፓም እሰብር ነበር። ዶክተር ሞሚና ጫት እቅም እንደሆነ ስትጠይቀኝ ለበዓል ብቻ እንደምቅም ነገርኳት። “የጭሮ ሰው ሆነህ ለበዓል ብቻ?” ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን በውሸቴ ጸናሁ። እሷም የጫቱን ሥራ ሕመሙ መስሏት የመድኃኒቱን መጠን ትጨምርልኝ ነበር። እውነቱን የነገርኳት ነሐሴ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልቃምኩም። አንቺ ለነጋዴው ለሑዘይፋ ጫት ስትለዪ ለጋ ለጋውን ወደ አፍሽ ጣል እንደምታደርጊ አይቻለሁ። አልፈርድብሽም። ለሐኪምሽ ግን ንገሪያት፤ መንቀጥቀጡ ከጫቱ ይሁን ከክኒኑ ሳታውቅ አትፍረድ። ከባሰብሽም ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ፤ በራስሽ ፈቃድ ብቻ አታቁሚው።

ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም ባለፈው ጳጉሜን ማንም ሳያየኝ ሄጄ ተጠምቄያለሁ። እዚያ ያገኘኋቸው አባት ስለ ክኒኑ ስነግራቸው “ዋጥና ና፣ ልጄ” ነው ያሉኝ። ተዪ የሚልሽ ጸበሉ ሳይሆን ዘመድ ነው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክሽን ታምራትም ስለሚያነሳው ነው፤ የሚኒባሱ ሹፌር በድሪ በእጅሽ ያደርስልሻል። እሁድ ታምራት ስለ ክኒኑ የጠራቸው ሽማግሌዎች ሲቀመጡ አጠገብሽ እገኛለሁ። ልናገር አስቤያለሁ። ነገር ግን ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ምን እንደምሆን አይተሻል፤ ቃል ብገባልሽ ሌላ ውሸት እንዳይሆን እፈራለሁ። ዝም ካልኩ፣ ይህ ወረቀት በእጅሽ ነው፤ ጽሕፈቴንም ሁሉም ያውቁታል።

እግዚአብሔር እንቅልፍሽን ይመልስልሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ እጅሽንም ያጽናልሽ።

አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው አላልኩሽም።

ታናሽ ወንድምሽ