ናሆም ሊወጣው የነበረው ተራራ

እሑድ፣ ኖቬምበር 16፣ ኦክላንድ

የአክስቴ ልጅ ናሆም ባለፈው እሑድ ቸርች ውስጥ ማይክ ይዞ፣ "ኮሌጅ አቋርጦ ለሚቀልደው ዘመዴ ጸልዩለት" አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቆይ ብቻ፣ አልኩ በልቤ።

እሱ ሐሙስ አንታርክቲካ ሊበር ነው፣ የበረዶ ተራራ ሊወጣ። ለእናቱ ግን "የሥራ ስብሰባ ነው" ብሏቸዋል። ዛሬ ከአምልኮ በኋላ የተራራውን ፎቶ አሳየኋቸው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የናሆም ስብሰባ ነዋ፣ እትዬ!"

ወዲያው የጸሎት ቡድኑን ጠሩ። እናቶች ናሆምን ከበው እጅ ጫኑበት። "ይህ ጉዞ ይሰረዝ!" ሲሉ ከሁሉም በላይ "አሜን!" ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ።

ቤት ስንገባ እትዬ ፓስፖርቱን ከመሳቢያው አውጥተው ሰጡኝ። "እኔ ሲለምነኝ እራራለታለሁ። አንተ አትራራም፣ ያዝልኝ።"

ዓመት ሙሉ የተዘጋጀበት ጉዞ ነው። አሁን "ፕሊስ ወንድሜ" እያለ ቴክስት ያደርግልኛል። እስከ ረቡዕ ይለምነኝ። ከዚያ በኋላ... እሱን ገና አልወሰንኩም።